ቡገንቪሊያ አላብብ ስትል

አበባ እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ቡገንቪሊያዬ ቅጠል ብቻ ሆና ቀረች፤ ምን ላድርጋት?» ስትገዛ በአበባ ተሸፍና ነበር። ቤት ከገባች በኋላ ያ ሁሉ ረገፈ። ከዚያ ወዲህ ቅጠልና እሾህ ነው። ትንሽ ስናወራ ምክንያቱ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ትጠጣለች። ፀሐይ እንዳያቃጥላት በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ ተቀምጣለች። አንዳንዱ ዩሪያም ጨምሮላታል።

እነዚህ ሰዎች አበባቸውን ይወዳሉ። ጥፋት የላቸውም። ሌላው ብዙ ተክል እንዲህ ሲያዝ ደስ ይለዋል። ቡገንቪሊያ ግን ውሃና ማዳበሪያ ሲበዛላት፣ ፀሐይ ደግሞ ሲያንሳት፣ ጉልበቷን በሙሉ ለቅጠልና ለቁመት ነው የምታውለው። ማበብ የምትጀምረው ፀሐይ ሲመታትና ውሃ ሲጎድልባት ነው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንድ ቅርንጫፍ ያዙና ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩት። እዚያ ላይ ወይ እሾህ አለ፣ ወይ የአበባ ዘለላ አለ። ሁለቱም የሚወጡት ከዚያችው ቦታ ነው። ያቺ ትንሽ ቡቃያ ስትጀምር እሾህም መሆን ትችላለች፣ አበባም መሆን ትችላለች። ተክሉ ጥላ ውስጥ ሆኖ ጠግቦ ሲመዘዝ እሾህ ይሆናል። በቂ ብርሃን ሲያገኝና እድገቱ ረገብ ሲል አበባ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ክንድ በሚያህል አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ከእሾህ በቀር ምንም ካላያችሁ፣ ወይ ቦታዋ ጥላ ነው፣ ወይ ውሃዋ በዝቷል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው።

እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ሙቀቷን የቀመሰ ያውቀዋል። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ስትዞሩ ቡገንቪሊያ በግንብ አጥር ላይ ተንጠልጥላ መንገዱ ድረስ ወርዳ ታገኟታላችሁ። ደማቅ ሐምራዊ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ። ግንዷ አንዳንዱ ቤት የሰው ክንድ ያክላል። ማንም የሚያጠጣት የለም። የእኛ ቤት ውስጥ ያለችውን ልጅ ሆኜ በጣሳ ላጠጣ ስሄድ እማዬ ከማዕድ ቤት ሆና ትጮህብኝ ነበር። «አቦ ተያት! እሷ ፀሐይ ነው የምትበላው!» ትለኝ ነበር። ውሃው ለሰውም የማይበቃበት ጊዜ ስለነበር ለመቆጠብ ብላ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ግን የምትለውን ታውቅ ነበር። ያቺ አበባ የበጋውን ወራት በሙሉ አብባ ነው የምትከርመው።

አዲስ አበባ ሌላ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የምናየው በጭላንጭል ነው። እዚህም ቡገንቪሊያ በደንብ ታድጋለች፤ በየሰፈሩ አጥር ላይ ያለችው ምስክር ናት። ከድሬዋ የምትለየው የእኛን ሐሳብ ስለምትፈልግ ነው። ድሬ ላይ ፀሐዩና ድርቁ የሚሠሩላትን ሥራ እዚህ እኛ ቦታ መርጠንና ውሃ መጥነን ልንሠራላት ይገባል።

ወደ አተካከሉ ከመግባቴ በፊት አበባዋን አንዴ አብረን እንይ፤ ብዙ ሰው እያየ የሚያልፈው ነገር አለ። አንድ ዘለላ ቅጠፉና መዳፋችሁ ላይ አድርጉት። እንደ ወረቀት የሳሱ ሦስት ባለቀለም ነገሮች አሉ። እነሱ አበባ አይደሉም፤ ቅጠሎች ናቸው። ወደ ብርሃን ብታነሷቸው የቅጠል ደም ሥራቸው ይታያል። በእያንዳንዳቸው መሃል ላይ፣ ከዋናው ደም ሥር ጋር የተጣበቀ፣ ክብሪት እንጨት የሚያህል ቀጭን ቱቦ አለ። ጫፉ ላይ ነጣ ያለች፣ ኮከብ የምትመስል ሚጢጢ ነገር ትከፈታለች። አበባዋ ያቺ ናት። ሦስት ቅጠል፣ ሦስት አበባ። ትንሿ አበባ ቶሎ ትጠወልጋለች። ባለቀለሙ ቅጠል ግን ለሳምንታት ይቆያል። ቡገንቪሊያ ያን ያህል ጊዜ አብባ የምትታየው ለዚህ ነው። ቀለሙም ከቀይ ስር ቀለም ጋር ዘመድ ነው፤ ጽጌረዳን የሚያቀላው ሌላ ዓይነት ቀለም ነው።

የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ብራዚል፣ ፔሩ፣ አርጀንቲና አካባቢ። የአውሮፓ ተመራማሪዎች ያገኟት በፈረንጆቹ 1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ነው። ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል የተባለው ፈረንሳዊ ዓለምን በመርከብ ሲዞር ፊሊበርት ኮመርሰን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ አብሮት ነበር። አበባዋ በአዛዡ ስም ተጠራች። እኔን ግን የምትማርከኝ የኮመርሰን ረዳት ናት። ዣን ባሬ ትባላለች። በፈረንሳይ የባሕር ኃይል መርከብ ላይ ሴት መሳፈር ክልክል ስለነበር የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የተሳፈረችው። ኮመርሰን እግሩን ይታመም ነበር፤ ተራራ ወጥቶ ተክል መሰብሰብና ዕቃ መሸከም የእሷ ድርሻ ነበር። ዓለምን እንደዞረች የሚታወቅላት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በእሷ ስም የተሰየመና ስሙ የጸና ተክል የተገኘው ግን በፈረንጆቹ 2012 ነው፤ እሱም የድንች ዘመድ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቡገንቪሊያ ሳይ ትዝ የምትለኝ ዣን ባሬ ናት።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ።

ከሁሉም በፊት ቦታ ምረጡ። በቀን ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋታል። «ብርሃን አለው» የሚባል ቦታ አይበቃም፤ ፀሐዩ ራሱ ቅጠሏ ላይ ማረፍ አለበት። አዲስ አበባ ላይ የምመክረው ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ግንብ ሥር ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ በጋውን በሙሉ ይመታል። ግንቡ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቅላታል፤ ይህ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ሥር ከተከላችኋት ልታብብ በሚገባት ወራት በሙሉ ጥላ ውስጥ ናት።

ቀጥሎ አፈሩ። ብዙ ሰፈር ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ውሃ ከያዘ አይለቅም። የቡገንቪሊያ ሥር ደግሞ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ግቢያችሁን ለመፈተን ሁለት ስንዝር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ማታ ውሃ ሙሉት። ጠዋት ውሃው እዚያው ከጠበቃችሁ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አትትከሉ። አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ሥሩና ጉብታው ላይ ትከሏት። እኔ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት እቀላቅላለሁ። ለመንገድና ለግቢ የሚደፋው ያ ቀይ ጠጠር ለዚህ ሥራ አንደኛ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ርካሽ ነው። ቀይ አፈር ያለው ሰው ብዙ መድከም የለበትም።

ችግኙን ስትገዙ ያበበችውን ግዙ፤ ቀለሟን በዓይናችሁ አይታችሁ ማለት ነው። ቅጠሏንም ዳብሱት። ቅጠሉ ለስላሳና የሚያብለጨልጨው፣ አበባው ሐምራዊ የሆነው ዓይነት ብርድን የተሻለ ይችላል። ለደጋ እሱን ነው የምመርጠው። ደማቅ ቀዩና ብርቱካናማው ያምራሉ፤ ግን ሞቃት ግድግዳ ስጧቸው።

ስትተክሉ ሥሯን አትንኩት። የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው። ሌላ ተክል ስንተክል እንደምናደርገው ላስቲኩን መንጭቆ ማውጣት፣ አፈሩን ማራገፍ፣ ሥሩን መበተን አይሆንም። ላስቲኩን ከነአፈሩ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቅደዱትና ቀስ አድርጋችሁ ከሥር ሳቡት። አፈሩ እንደተያያዘ ይቅር። ግንዷ በላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አፈር አታልብሷት። እኔ መስከረም ላይ መትከል እወዳለሁ። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ዝናቡ እየሄደ ነው፣ ፀሐዩ መጥቷል።

ራሷን ችላ አትወጣም። እንደ ሐረግ ትመስላለች እንጂ የሚጠመጠም ነገር የላትም። በእሾሁ እየተደገፈች ነው የምትንጠላጠለው። ግንቡ ላይ ሽቦ ወጥሩና ቅርንጫፎቿን በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። በሽቦ አትሰሩ፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ይቆርጠዋል።

ውሃው ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

የመጀመሪያው በጋ ላይ ሥሯ ገና ስላልጠለቀ በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጧት። «በደንብ» ስል አፈሩ እስከ ታች እስኪርስ ማለቴ ነው። በየቀኑ አንድ ኩባያ ማፍሰስ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ላዩን ያረጥባል፣ ሥሩን ግን ወደ ታች እንዲሄድ አያበረታታውም። አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ ሕጉ ይለወጣል። መሬት ላይ ያለችው በረዥሙ በጋ ካልሆነ በቀር አትጠይቃችሁም። ባልዲ ውስጥ ያለችው ግን ትጠይቃለች። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ካለ ተዉት። ደረቅ ከሆነና የጫፍ ቅጠሎቿ ትንሽ መለምለማቸውን ትተው ዘንበል ካሉ ያን ጊዜ ጠግባ እስኪፈስ አጠጧት። ከዚያ እንደገና እስክትጠማ ጠብቁ።

ዝናቡ ወጥቶ በጋው ሲገባ አዲስ አበባ ላይ የምታብበው በዚህ ምክንያት ነው። በሌሎች አገሮች የቀኑ ማጠርም ያነሳሳታል ይባላል፤ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዓይን የሚታየው ለውጥ የፀሐዩ መምጣትና የመሬቱ መድረቅ ነው።

ከፊት ለፊታችን ያሉት እናት አንዴ መስከረም ላይ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይቺን ነገር ነቅዬ ልጥላት ነው፤ እሾኋ የልጅ ልጆቼን ይወጋል እንጂ አበባ የላት» አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ትልቅ የቀለም ባልዲ ውስጥ ናት። ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሰው እጅ የሚያህል። ባልዲው በረንዳው ሥር ነው፤ ጎኑ ላይ የሻገተ ነገር አለ። ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። «እትዬ፣ አይጣሏት፤ እስከ ገና ድረስ ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው ሚስማር አግሎ የባልዲውን ቂጥ ስድስት ቦታ በሳው። የተኛው ውሃ ወጣ፤ ይሸታል። ባልዲውን ውሃ ማጠራቀሚያው ታንከር አጠገብ ወዳለው ወደ ደቡብ የሚያይ ግንብ ወሰድነው። ከሥሩ ሦስት ድንጋይ አደረግን፤ ውሃው መውጫ እንዲኖረው ነው። ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች በሲሶ ያህል አሳጠርኩና «እኔ ሳልመጣ ውሃ እንዳያጠጧት» አልኳቸው። «በጥም ልትገድያት ነው?» አሉኝ፤ አልተዋጠላቸውም። ኅዳር አጋማሽ ላይ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ጠሩኝ። እያንዳንዱ አዲስ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ዘለላ ነበር። አሁን ቡና ሲያፈሉ ረከቦቱን እዚያ ግንብ ፊት ነው የሚያስቀምጡት።

ባልዲ ውስጥ ስለማሳደግ አንድ ነገር ልጨምር። ትልቅ ባልዲ ለመስጠት አትቸኩሉ። ሥሯ ትንሽ ሲጠብበት የተሻለ ታብባለች። ክረምት ላይ ደግሞ ባልዲውን ከጣራ ፍሳሽ ሥር አርቁት፤ ከተቻለም ዝናብ በማያገኘው ጠርዝ ላይ አስጠጉት።

ማዳበሪያ ላይ አጭር ነኝ። ዩሪያ አትስጧት፤ ዩሪያ ቅጠል ነው የሚሰጣችሁ። በዓመት አንዴ መስከረም ላይ ሁለት ሦስት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ከግንዱ ራቅ አድርጎ መበተን ይበቃል። ትኩስ ፍግ አይሆንም።

ስለ መከርከም ግን ሰው ይፈራል፤ አትፍሩ። አበባው የሚወጣው አዲስ ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። አሮጌውን ካልቆረጣችሁ አዲሱ አይመጣም፤ ቢመጣም ከአጥሩ በላይ፣ ለጎረቤት ብቻ በሚታይበት ቦታ ነው የሚመጣው። እኔ ዋናውን ክርከማ የምሠራው ግንቦት ውስጥ፣ ከክረምቱ በፊት ነው። የደረቀውን፣ ወደ ውስጥ የሚያድገውንና የተጠላለፈውን አወጣለሁ። ረጃጅሞቹን በግማሽ አሳጥራለሁ። ክረምቱ አዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላል። መስከረም ላይ ደግሞ የአዲሶቹን ጫፍ ብቻ ቅጥፍ ቅጥፍ አደርጋለሁ። አንዱ ጫፍ ሲቆረጥ ከጎኑ ሁለትና ሦስት ይወጣል፤ እያንዳንዱም አበባ ይይዛል። ከዚያ አንድ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ጠብቁ። ወፍራም የቆዳ ጓንትና ረጅም እጅጌ አትርሱ። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ልጆች በባዶ እግር በሚሮጡበት መሬት ላይ አትተዉ፤ እሾሁ ሲደርቅ ይብሳል።

ተባይ እምብዛም አያስቸግራትም። ለጋ ጫፍ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ከወጣ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ውርጭ ጫፏን ካጠቆረው ወዲያው አትቁረጡ። ብርዱ እስኪያልፍ ተዉት፤ የሞተው ክፍል ከሥሩ ያለውን ይከልለዋል። ጥር ሲያልቅ አዲስ ቡቃያ የቱ ጋ እንደወጣ አይታችሁ ከዚያ በላይ ያለውን ታነሳላችሁ። የረገፈው አበባ ግን በየቀኑ መጥረግ ይፈልጋል፤ በተለይ ጣራ አጠገብ ካለች አሸንዳውን ይደፍነዋል።

የግንቦቱ ክርከማ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሚወድቀው ቅርንጫፍ ችግኝ ይወጣል። አረንጓዴውንና ለስላሳውን ተዉት። ቡናማ ቆዳ የያዘውን፣ እርሳስ ወይም ትንሽ ወፈር ያለውን ምረጡ። አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ፤ ቢያንስ ሦስት አንጓ ይኑረው። ታችኛውን ከአንጓው ሥር ሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በዚህ የቱ ጫፍ ወደ ታች እንደሚገባ አይጠፋችሁም። ቅጠሉን በሙሉ አንሱ። ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ባልዲ፣ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ደቃቅ ሬድ አሽ ውስጥ ሁለት አንጓ ድረስ ቅበሩት። አንዴ አጠጡትና የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣችሁ ከላይ ድፉበት፤ ክዳኑን ክፍት ተዉት። ይህ ጊዜ ብቻ ነው ቡገንቪሊያ ጥላ የምትፈልገው።

ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ትናንሽ ቅጠሎች ያወጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ይደሰትና ነቅሎ ይተክለዋል፤ ተክሉም ይሞታል። እነዚያ ቅጠሎች ቁራጩ ውስጥ በተጠራቀመው ምግብ የወጡ ናቸው፤ ሥር ገና የለም። ሥር ለማውጣት ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። እየጎተታችሁ አትፈትኑት፤ ፀጉር የምታክለውን አዲስ ሥር ትበጥሱታላችሁ። ከባልዲው ሥር ባለው ቀዳዳ ነጭ ሥር ብቅ ሲል፣ ወይም ሁለተኛው ዙር ቅጠል አድጎ ሲጠነክር፣ ያን ጊዜ ደርሷል። ሁሉም አይዙም፤ ስለዚህ አምስት ስትፈልጉ አሥር ቅበሩ።

የእኔን ሐምራዊ ግንቦት ሃያዎቹ ውስጥ ነው የምከረክማት። ቅርንጫፉን በአሮጌ ማዳበሪያ ጆንያ አስሬ በሩ አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ የሰፈራችን ሰው እየመጣ ይወስዳል። እርጥብ ጋዜጣ ከጠቀለላችሁበት እስከ ማግስቱ ይቆያል። ከዚያ በላይ ግን አታሳድሩት፤ ጫፉ ከደረቀ ሥር አያወጣም።